ጨረቃን በአንድ ዓይን፦ ስለ ትንሿ ቴሌስኮፔና ስለ ልጆቻችን ዕይታ



በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጨጓራና ስለ ክትባት ነው። ዛሬ ግን ቤቴ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ስለ አንዷ፣ ስለ ትንሿ ቴሌስኮፔ ላጫውታችሁ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ የምታደርጉት፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅና ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ለምን ገዛኋት?

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ዲዩቲ አድሬ በወጣሁ ማግስት ሰውነቴ ይደክማል፤ አእምሮዬ ግን አልተኛ ይላል። እጄ ደግሞ ሳላዘው ስልኩን ያነሳል፤ ስልኩም የቀረችውን እንቅልፍ ያባርራታል። ስለዚህ ማታ ማታ የምሠራው፣ ስክሪን የሌለበት፣ ረጋ የሚያደርግ ነገር ፈለግሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ ማየት እወድ ነበርና ቴሌስኮፕ ልገዛ ወሰንኩ።

ገበያው ላይ ትልልቅም ትንንሽም አለ። ትልቁ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከባድ ነው፤ ደረጃ ሲወርዱ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ በሚኒባስ አይጫንም፣ ለመትከልም ጊዜ ይወስዳል። ለታካሚዎቼ «ጂም ተመዝግቦ ቤት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይሻላል» እላለሁ። ለራሴም ያንኑ ምክር ተከተልኩና ትንሿን መረጥኩ። ከገዛኋት ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ደመና ካልከለከለኝ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከቦርሳዋ ትወጣለች። ክፍለ ሀገር ስሄድም አብራኝ ትሄዳለች።

ዓይነቷ ሪፍራክተር የሚባለው ነው፤ ማለትም ብርሃንን የምትሰበስበው ፊቷ ላይ ባለው ሌንስ ነው። የፊት ሌንሷ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቷ 400 ሚሊሜትር ነው። ቱቦዋ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከነመቆሚያዋ ሁለት ኪሎ አትሞላም፤ የተማሪ ቦርሳ በሚያህል የጀርባ ቦርሳ ትገባለች።

ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሽ ሌንስ አይፒስ ይባላል። የእኔዋ ከሁለት አይፒሶች ጋር መጣች፤ አንዱ 20፣ ሌላው 10 ሚሊሜትር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 400ን ለ20 ስናካፍል 20 እጥፍ፣ ለ10 ስናካፍል 40 እጥፍ ታጎላለች። ዋናው ጥቅሟ ግን ማጉላቷ ሳይሆን ብርሃን መሰብሰቧ ነው። በጨለማ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል። የ70 ሚሊሜትር ሌንስ በወርዱ የዚያ 10 እጥፍ ነው፤ የሚሰበስበው ብርሃን ደግሞ 100 እጥፍ ይሆናል።

እንከን የላትም ብዬ አልሸጥላችሁም። መቆሚያዋ ቀጭን ስለሆነ ነፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች፤ ከመሃሉ ላይ ውኃ የሞላ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሳንጠለጥልበት ይረጋል። ጨረቃን ስታዩባት ዳር ዳሩ ላይ ወይንጠጅ ጭረት ትጥላለች፤ ርካሽ ሌንስ ቀለሞችን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መሰብሰብ ስለማይችል ነው። ሻጮች «300 እጥፍ ያጎላል» ቢሏችሁም አትመኑ። ለ70 ሚሊሜትር ሌንስ ጣሪያው 140 እጥፍ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታየው ትልቅ ብዥታ ነው።

ምን ይታይባታል?

ጨረቃን ለማየት ሙሉ እስክትሆን አትጠብቁ። ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የለም፤ ጠፍጣፋ ትመስላለች። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹና ተራሮቹ ጥላቸውን ጥለው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በቴሌስኮፕ ስትታይ እንደ ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለች። ጁፒተር አጠገብ እንደ ዶቃ የተሰደሩ አራት ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ጨረቃዎቿ ናቸው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚህኑ ነው፤ ያየባትም መሣሪያ 20 እጥፍ ገደማ የምታጎላ፣ ሌንሷም ከእኔዋ ያነሰ ነበር።

አገራችን ለዚህ የተመቸች ናት። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን፤ አውሮፓ ያሉ ሰዎች ከቤታቸው የማያዩትን የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ እኛ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት እናየዋለን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማያችን ጥርት ይላል። ለወላጆች ደግሞ ሌላ በረከት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ በጊዜ ይጨልምልናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከዋክብት ይወጣሉና ልጅን ለማሳየት እኩለ ሌሊት መጠበቅ የለብንም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ለጁፒተር ብለን እንቅልፉን አንቀማውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

«አክስቴ፣ ጨረቃዋ ጉም ሆነች»

ቴሌስኮፕ የአንድ ዓይን መሣሪያ ነው። ቴሌቪዥን፣ መጽሐፍ፣ የሰው ፊት በሁለት ዓይን ይታያል። በዚህች ቱቦ ግን የሚያየው አንዱ ዓይን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ገናን ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ነበር። ቴሌስኮፗን ግቢ ውስጥ ተከልኩና የሰፈሩ ልጆች ጋቢና ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተሰለፉ። ልጆች አንድ ዓይናቸውን ብዙ ጨፍነው ሲቆዩ ስለሚደክማቸው «እሺ፣ አሁን ደግሞ በሌላኛው» ማለት ልማዴ ነው። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነበር። በቀኝ ዓይኗ አይታ «ጉድጓድ አለ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለች ቆጠረች። በግራው ስታይ ግን ዝም አለች።

«አክስቴ፣ ጨረቃዋ ጠፋች።»

«አልጠፋችም የኔ ቆንጆ፤ ትንሽ ጠጋ በይ።»

«አለች። ግን ጉም ሆነች።»

ይህ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ትንሽ ልጅ ዓይኑን በትክክል ካላስተካከለ የሚያየው ጥቁር ወይም ብዥ ያለ ነገር ነው። ወንበሯን አስተካክዬ ፎከሱን ቀስ እያልኩ አዞርኩላት። ሩቅ ወይም ቅርብ አጥርቶ የማያይ ዓይን ያለው ሰው ፎከሱን ሲያዞር ቴሌስኮፑ ራሱ እንደ መነጽር ሆኖ ያስተካክልለታል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ጥርት ማለት ነበረበት። እሷ ግን «ትንሽ ተሻለች፣ ግን አሁንም ጉም ነች» አለች። በቀኟ መልሳ ስታይ ጉድጓዶቹ እንደገና ተቆጠሩ።

እህቴ ሳቀች። «እያላገጠችብሽ ነው፤ ይቺ ልጅ እኮ መሬት ላይ የወደቀ መርፌ ለቅማ የምታነሳ ናት።» እውነቷን ነው፤ ልጅቷ ታነሳለች። በሁለት ዓይኗ ነዋ።

በማግስቱ ጠዋት በቀን ብርሃን ሞከርኩ። ግራ ዓይኗን በመዳፌ ስሸፍን ምንም ሳትል ሥዕሏን መመልከት ቀጠለች። ቀኙን ስሸፍን ግን እጄን ገፋችው፤ ጭንቅላቷን ወደ ጎን እያዘነበለች አሻግራ ለማየት ታገለች። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም እንደዚያው። ከበዓሉ በኋላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ብሌን የሚያስፋ ጠብታ ተደርጎላት ስትለካ የግራ ዓይኗ ከቀኙ በጣም የተለየ የመነጽር ቁጥር እንደሚፈልግ ታወቀ። ያንን ዓይን አንጎሏ ቀስ በቀስ መጠቀም ትቶ ነበር።

«ሰነፍ ዓይን» ምንድን ነው?

በሕክምናው አምብሎፒያ ይባላል። ሕፃን ሲወለድ ማየትን ገና ይማራል፤ የሚማረውም አንጎሉ ነው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ጥርት ያለ ምስል ከላኩ አንጎል ሁለቱንም ማንበብ ይለምዳል። አንዱ ብዥ ያለ ምስል የሚልክ ከሆነ፣ ወይም ሸውራራ ሆኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያይ ከሆነ፣ ወይም ሲወለድ ጀምሮ ሞራ የሸፈነው ከሆነ፣ አንጎል የደህናውን ይዞ የሌላውን ይተወዋል። ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ አይቀላም፣ አያምም፣ አያለቅስም። ልጁም አያማርርም፤ ከዚህ የተለየ ዕይታ አያውቅማ።

የጊዜው ጉዳይ ነው ዋናው። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው አንጎል ገና በሚማርበት ዕድሜ፣ በተለይ ከ7 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሻላቸው ልጆችም ስላሉ «አለፈው» ብላችሁ አትተዉት፤ ነገር ግን በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ችግሩ የታወቀው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ በተመረመረ ዕለት የሆነ ጎልማሳ እኔም ክሊኒክ ውስጥ አጋጥሞኛል። ለእሱ የሚሆን መነጽር አልነበረም።

ለእህቴ ልጅ የታዘዘው መነጽርና ደህናውን ዓይን በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ነበር። ደህናው ሲሸፈን አንጎል ግዴታውን በደካማው ይሠራል፤ ዘዴው ይኸው ነው። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። አምስት ዓመት የሞላትን ልጅ በደካማ ዓይኗ ብቻ ሁለት ሰዓት እንድትውል ማድረግ ግን የእናትን ትዕግሥት የሚፈትን ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን መሸፈኛውን በየቀኑ ትልጠው ነበር። ሌላው ችግር ስድቡ ነበር። መዋለ ሕፃናት ውስጥ «አራት ዓይና» አሏት፤ አልቅሳ መጣች። እህቴ ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ? «በእኛ አገር አራቱንም ጉባኤ የተማረ ትልቅ ሊቅ ነው አራት ዓይና የሚባለው። እንዲህ ካሉሽ አመስግኛቸው።» ልጅቷ አሁን ራሷን ለእንግዳ የምታስተዋውቀው «አራት ዓይና ነኝ» ብላ ነው።

ስምንት ወር ሲሞላት የግራ ዓይኗ በመመርመሪያ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ የማታያቸውን ሦስት መስመሮች አነበበች። ከቀኟ ጋር ገና እኩል አልሆነም፤ ክትትሏም አላለቀም።

ዛሬውኑ እቤት የምታደርጉት

ለዚህ ቴሌስኮፕ መግዛት አያስፈልጋችሁም። በቀን ብርሃን እንዲህ አድርጉ፦

1. ልጁን ዘና ባለበት ሰዓት አስቀምጡትና ከሦስት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚያውቀውን ሥዕል ወይም ፊደል አሳዩት።

2. አንድ ዓይኑን በመዳፋችሁ ወይም በወረቀት ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። ዓይኑን አትጫኑት፤ በጣቶቹ መሃል አሾልኮ እንዳያይም ጠብቁ። የሚያየውን ይንገራችሁ።

3. ሌላኛውን ሸፍናችሁ ድገሙት። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ ወይ?

4. ገና የማይናገር ሕፃን ከሆነ ፊቱን ተመልከቱ። አንዱን ስትሸፍኑ ዝም ብሎ ሌላውን ስትሸፍኑ የሚቆጣ፣ እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ ልብ በሉ።

ይህ ምርመራ አይደለም፤ ደህና ቢመስላችሁም ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ። ልዩነት ካያችሁ፣ ዓይኑ ከሸወረረ፣ ቴሌቪዥን በጣም ተጠግቶ የሚያይ ከሆነ ወይም ጭንቅላቱን እያዘነበለ የሚያይ ከሆነ ቀጠሮ ያዙ። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ አንዱ ብሌን ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ውሰዱት። ነጭ ብሌን የሞራ ወይም የሬቲና ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ሲደረስበት ነው የሚድነው።

ጨለማ፣ ዳፍንትና ጎመን

ከብርሃን ቤት ድንገት ወጥታችሁ ሰማይ ብታዩ ጥቂት ከዋክብት ብቻ ታያላችሁ። 20 እስከ 30 ደቂቃ ስትቆዩ ግን ሰማዩ ይሞላል፤ ከከተማ ከራቃችሁ ፍኖተ ሐሊብም እንደ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ይታያል። የጨለማ ዕይታ የሚሠሩት የሬቲና ሴሎች በብርሃን የተበላባቸውን ንጥረ ነገር መልሰው የሚገነቡት በዚህን ያህል ጊዜ ነው። አንዴ ስልክ ከከፈታችሁ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ለዚህ ነው የእኔ ባትሪ አምፖሉ ላይ ቀይ ላስቲክ የታሰረበት።

ያ ንጥረ ነገር የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ በቀን ደህና እያየ ሲመሽ ይደናቀፋል፤ አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ይህንን ነው። ልጃችሁ አመሻሽ ላይ ዕቃ እየፈለገ የሚዳብስ፣ ሌሎች ልጆች ሲሮጡ እሱ ግድግዳ የሚይዝ ከሆነ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ሳይታከም ከቆየ የዓይኑን ፊት እስከ ማበላሸት ይደርሳል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጣቸውን የቫይታሚን ኤ ጠብታ አታስቀሩባቸው። ከምግብ ደግሞ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ እንቁላልና ጉበት አሉላችሁ፤ ለጎመኑና ለካሮቱ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት፣ ሰውነት ቫይታሚኑን የሚወስደው ከስብ ጋር ነው።

አንድ ነገር ላስተካክል። ልጆች ደጅ መዋላቸው ሩቅ አጥርቶ ያለማየት ችግር፣ ማዮፒያ የሚባለው፣ እንዳይጀምራቸው እንደሚረዳ ይታወቃል። ይህን ጥቅም የሚሰጠው ግን የቀን ብርሃን ነው። ማታ ኮከብ ማሳየት ቀን ደጅ ማጫወትን አይተካም፤ ሁለቱንም አድርጉ።

ለአዋቂዎች

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች፣ ችግራችሁ ቅርብ ወይም ሩቅ ያለማየት ብቻ ከሆነ አውልቃችሁ ፎከሱን አስተካክሉት። አስቲግማቲዝም ካለባችሁ መነጽሩን አድርጋችሁ እዩ።

አንዳንድ ሰው ደማቋን ጨረቃ ሲያይ «ፀጉር ገብቶበታል» ብሎ ሌንሱን ሊጠርግ ይነሳል። ያ ፀጉር ብዙ ጊዜ ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው፤ ዓይን በሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥላዎች ናቸው። በቀጭን የብርሃን ጨረር ስናይ ጎልተው ይወጣሉ። የቆዩና ጥቂት ከሆኑ አያስፈሩም። ነገር ግን ድንገት ከበዙ፣ እንደ መብረቅ ብልጭታ ካያችሁ ወይም ከዳር መጋረጃ የተጋረደባችሁ ከመሰላችሁ፣ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህን አታሳድሩት።

ስለ ጽዳትም አልረሳም። አይፒስ ከዓይን ወደ ዓይን የሚዞር ዕቃ ነው። ዓይኑ የቀላና ዓይናር የሚያወጣ ሰው እስኪሻለው ተራ አይዝ፤ የአይፒሱን የላስቲክ ጠርዝ በየሰዉ መካከል በአልኮል ጥረጉ። መስታወቱን ግን አትንኩት።

ፀሐይ፦ እባካችሁ ይህን ሁለቴ አንብቡት

ቴሌስኮፕ ቤት ውስጥ ካለ አንድ እውነተኛ አደጋ አለው። በማጉያ መስታወት ወረቀት አቃጥላችሁ ታውቁ ይሆናል። ፀሐይ ላይ የተነጣጠረ ቴሌስኮፕም ዓይን ውስጥ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ለቅጽበት እንኳ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። ሬቲና የሕመም ነርቭ ስለሌለው ልጁ «አቃጠለኝ» ብሎ ዓይኑን አያነሳም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የሚያየው ነገር መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል ወይም ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምበታል። ለዚህ የቤት ውስጥ ሕክምና የለውም፤ እንዲህ ከሆነ ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት።

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሕጉ አጭር ነው። ቴሌስኮፗ ቀን ቀን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋም ቁም ሣጥን ላይ ናት፤ መስኮት አጠገብ ተተክላ አትውልም። ፀሐይን ለማየት የሚሆነው መላውን የፊት ሌንስ የሚሸፍን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው። አይፒስ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ የፀሐይ ማጣሪያ አብሮ ከመጣላችሁ ጣሉት፤ ከሙቀቱ የተነሳ ዓይናችሁ እላዩ ላይ እያለ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ዛሬ የማነሳው በምክንያት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ አልፎ ነበር። አሁን ደግሞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ ይመጣል። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ ሉክሶር፣ በሳዑዲ ጅዳና መካ በኩል ያልፋል፤ እኛ አገር ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል፤ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር የሚሸፈነው ይበዛል። በከፊል ሲሆን ያለ መከላከያ ማየት የሚቻልበት አንድም ደቂቃ የለም። ጅዳ ያላችሁ ወገኖቼም ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውጪ ያው ነው። ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲ፣ በሳፋ ውኃ ማየት፣ አንዳቸውም ዓይን አያድኑም። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያለው፣ ያልተጫጫረ የግርዶሽ መነጽር ፈልጉ። ያንንም አድርጋችሁ በቴሌስኮፕ አትመልከቱ፤ ለባዶ ዓይን ብቻ ነው የተሠራው።

ልትገዙ ካሰባችሁ

የፊት ሌንሱ 70 ወይም 80 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከማጉላት ቁጥሩ ይልቅ መቆሚያው ጠንካራ መሆኑን ነቅንቃችሁ እዩ፤ ሁለት አይፒስ ይበቃችኋል። አቅም ካልፈቀደም አትዘኑ፤ ጋቢ አንጥፎ ተንጋልሎ በባዶ ዓይን ማየትም ልጅን ያስደስታል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ይህንንም ጨምሩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ሁሉ አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሲሰጣቸው፣ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብላ ሰይማለች። ፕላኔቷ በእኛ ዓይነት መሣሪያ አትታይም። ቡና ግን በባዶ ዓይን ለማየት ጥቂት ብቻ የሚያንስ ኮከብ ስለሆነ፣ አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ለሚያውቅ በ70 ሚሊሜትር ሌንስ ይገኛል። የእህቴ ልጅ ቡናን ያየችው በቀኝ ዓይኗ ነው። በግራዋ ገና ናት፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እንሞክራለን።

የልጆቻችሁን ዓይን አንድ በአንድ ስትፈትሹ ያስተዋላችሁትን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ይህን ጽሑፍ ከ7 ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ወላጆች አድርሱልኝ።